የገዛ ጓደኛህን አትጣል፦ በልምምድ ላይ ታክል የከለከለው የዳርትመዝ ቡድን ጉዳይ

ኦገስት 2015። ኒው ሃምፕሻየር ውስጥ ሃኖቨር የምትባል ትንሽ ከተማ አለች፤ ዳርትመዝ ኮሌጅ ያለው እዚያ ነው። የፉትቦል ቡድኑ ልምምድ ላይ ነው። ከተጫዋቾቹ መሀል ግን አንድ ሰው ያልሆነ ነገር ይሮጣል።

ቁመቱ የሰው ያህል ነው። እጅም እግርም የለውም። ከላይ እስከ ታች በወፍራም ስፖንጅ ተጠቅልሏል፤ ከሥሩ በሞተር የሚዞር ጎማ አለው። ክብደቱ ወደ 80 ኪሎ ይጠጋል። ጥግ ላይ የቆመ ሰው እንደ ልጅ መኪና በሪሞት ይነዳዋል። ነገርየው ቀጥ ብሎ ይመጣና ድንገት ወደ ግራ ይታጠፋል። ተከላካዩ እርምጃውን ያሳጥራል፣ ዳሌውን ዝቅ ያደርጋል፣ ጭንቅላቱን ወደ ጎን ያወጣል፣ በትከሻው ገጭቶ በሁለት እጁ አቅፎ ይጥለዋል። ድም! ከዚያ ነገርየው ብቻውን ቀና ይልና መንገዱን ይቀጥላል። አያመው፣ አይናደድ፣ ማታ ደግሞ ራሴን አሞኛል አይል።

ወደ ጉዳዩ ከመግባቴ በፊት ሁለት ነገር ላጥራ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ፉትቦል የምለው ደግሞ የአሜሪካኖቹን፣ በእጅ የሚይዙትን ሞላላ ኳስ ነው። በእኛ እግር ኳስ ታክል ሲባል ሸርተቴ ገብቶ ኳስ መንጠቅ ነው የሚመጣብን። እዚያ ግን የሚፈለገው ሰውየው ነው። ኳስ የያዘውን አቅፈህ መሬት ማውረድ አለብህ። ከእግር ኳስ ይልቅ ለትግል ይቀርባል። ልዩነቱ፣ ታጋዮች ተያይዘው ነው የሚጀምሩት፤ እነዚህ ግን በሙሉ ሩጫ መጥተው ነው የሚገናኙት።

ቅዳሜ ዳኛ አለ

ስለ ተጫዋች ደህንነት ወሬ ሲነሳ ሁሌም የሚወራው ስለ ቅዳሜ ነው። የኮሌጅ ጨዋታ ቅዳሜ ነውና። ሕጉም የተሻሻለው ለዚያች ቀን ነው። በ1905 በአንድ ዓመት ብቻ ቢያንስ 18 ወጣቶች ፉትቦል ሲጫወቱ ሞቱ። ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት የሃርቫርድን፣ የዬልንና የፕሪንስተንን ሰዎች ዋይት ሐውስ ጠርተው ጨዋታውን አስተካክሉ አሉ። በሚቀጥለው ዓመት ኳስ ወደ ፊት መወርወር ተፈቀደ። ዛሬ የኮሌጅ ስፖርትን የሚያስተዳድረው ኤንሲኤኤም ከዚያው ቀውስ ነው የተወለደው። በ1976 ደግሞ ጭንቅላትን እንደ ጦር አስቀድሞ መግጨት ተከለከለ፤ አንገታቸው ተሰብሮ ሰውነታቸው የማይታዘዝ የሚሆኑ ልጆች ቁጥር ከዚያ በኋላ በጣም ወረደ።

ከ2008 ጀምሮ ታርጌቲንግ የሚባል ጥፋት አለ። ራሱን መከላከል በማይችልበት ሰዓት ተጫዋቹን ጭንቅላቱና አንገቱ ላይ አነጣጥሮ መምታት ማለት ነው። ከ2013 ወዲህ ይህን ያጠፋ ከሜዳ ይባረራል። ለዓመታት ደግሞ ጥፋቱ በሁለተኛው አጋማሽ ከሆነ የሚቀጥለው ጨዋታ የመጀመሪያ አጋማሽም ያልፈው ነበር። ዳኛው ቪዲዮ ለማየት በሄደ ቁጥር ስታዲየሙ በጩኸት ይናጋል። ደጋፊ እንዲህ የሚጠላው ሕግ ትንሽ ነው።

ይሁን፤ ቅዳሜ ዳኛ አለ። ማክሰኞስ?

ሒሳቡን እንየው። ዳርትመዝ የሚጫወትበት አይቪ ሊግ በዓመት 10 ጨዋታ ነው ያለው። ልምምዱ ግን ከኦገስት ጀምሮ ለወራት፣ በሳምንት ብዙ ቀን ነው። በልምምድ ላይ ፊሽካ የያዘው አሰልጣኙ ነው። ቀይ ካርድ የለም፣ ቪዲዮ የሚያይ ዳኛ የለም፣ የሚጮህ ደጋፊም የለም። የሚገጨው ደግሞ ተቀናቃኝ ሳይሆን መኝታ ቤት የሚጋራህ ጓደኛህ ነው። ከ2015 እስከ 2019 በ6 ትልልቅ የኮሌጅ ቡድኖች፣ በ658 ተጫዋቾች ላይ የተደረገ ጥናት አለ፤ በ2021 ነው የወጣው። ኮንከሽን ከሚሉት የአንጎል መናወጥ 72 በመቶው የደረሰው በልምምድ ላይ ነበር። ግማሽ ያህሉ ደግሞ ውድድሩ ሳይጀመር፣ በዝግጅት ሳምንታት ብቻ ነው። እነዚያ ሳምንታት ከጠቅላላው የውድድር ዘመን አንድ አምስተኛ ያህል ናቸው።

የዳርትመዙ አሰልጣኝ በ2010 ይህ ጥናት በእጁ አልነበረም። ማክሰኞን ግን አይቶታል።

50 ጨዋታ፣ 9 ድል

ባዲ ቲቨንስ የቤቱ ልጅ ነው። በ1978 ዳርትመዝ ሻምፒዮን ሲሆን ኳርተርባኩ፣ ማለትም ኳሱን እየወረወረ ማጥቃቱን የሚመራው ተጫዋች፣ እሱ ነበር። በኋላ እዚያው አሰልጣኝ ሆኖ በ1990 እና በ1991 ዋንጫ በላ። ከዚያ ወደ ትልልቆቹ ሄደ፤ ቱሌን፣ በኋላም ስታንፎርድ። አልቀናውም። በ2005 ወደ ሃኖቨር ተመለሰ።

መመለሱም አላማረም። ሁለት ድል፣ ሁለት ድል፣ ሦስት ድል። በ2008 አሥር ተጫውተው አሥሩንም ተሸነፉ። በ2009 እንደገና ሁለት ድል። በአምስት ዓመት 50 ጨዋታ፣ 9 ድል። እንዲህ ያለ ውጤት ይዞ ሥራው ላይ የሚቆይ የፉትቦል አሰልጣኝ ብርቅ ነው። ልጆቹም ይጎዱበት ነበር። ቅዳሜ ሊሰለፍ የሚገባው ልጅ ማክሰኞ በገዛ ጓደኛው ትከሻ ተመትቶ አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጣል።

በ2010 ቲቨንስ ውሳኔውን ተናገረ። ከዛሬ ጀምሮ የዳርትመዝ ተጫዋች የዳርትመዝን ተጫዋች መሬት አይጥልም። በዝግጅት ሳምንታትም አይጥልም፣ በውድድሩ መሀልም አይጥልም። አንድ ልጅ አንደኛ ዓመት ገብቶ አራት ዓመት ተጫውቶ ሲመረቅ አንድም ጓደኛውን ታክል ሳያደርግ ነው የሚወጣው።

ረዳቶቹ ተጠራጠሩ። በተለይ የተከላካዮቹ አሰልጣኞች። እውነታቸውን ነው። የጨዋታው ግማሽ ሰው መጣል ነው፤ ሰው ሳይጥሉ እንዴት ሰው መጣል ይለመዳል? ዋና ሳትገባ ዋና ተማር እንደማለት ነው። ሰውየው ሥራውን ሊያጣ አንድ ሐሙስ ቀርቶት አብዷል ያለም አይጠፋም።

እኔ ግን በዚህ ጉዳይ ላይ በጣም የሚገርመኝ የውሳኔው ጊዜ ነው። አሸናፊ አሰልጣኝ ደህንነት ቢል "ሞልቶለት ነው" ይባላል። ይሄኛው የተናገረው ከታች ሆኖ ነው። ልጆቹን ማዳን ፈልጎ ነው? ቅዳሜ የሚሰለፍ ጤነኛ ሰው ፈልጎ ነው? ሁለቱንም ነበር፤ አንዱን ከሌላው መለየት የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

ማክሰኞ ምን ይደረጋል?

ታክል ቀረ ማለት ሥራ ቀረ ማለት አይደለም። እንዲያውም ልምምዱ በዛ። ቲቨንስ ታክልን እንደ ድፍረት ሳይሆን እንደ ሙያ ነው ያየው። ሙያ ደግሞ ተሰነጣጥቆ ይማሩታል። አቀራረብ ለብቻ፣ የእግር አጣጣል ለብቻ፣ ትከሻ የሚያርፍበት ቦታ ለብቻ፣ እጅ የሚቆለፍበት ለብቻ። ወፍራም ፍራሽ መሬት ላይ ይነጠፋል፤ ልጁ የቆመውን ትልቅ የስፖንጅ ከረጢት አቅፎ ከነፍራሹ ይወድቃል። ይነሳል። ይደግማል። ሰው ላይ ቢሆን በአንድ ልምምድ ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው የሚሞከረው፤ ከዚያ በላይ ሰውነት አይችልም። ከረጢት ላይ ግን እስኪሰለች ይደጋገማል። በዓመት ሲደመር መቶዎች ይሆናል።

ከሁሉም በላይ የሚደጋገመው ትምህርት አንድ ነው፤ ጭንቅላትህን ከግጭቱ አውጣ። ዓይን ቀና፣ አገጭ ቀና፣ የሚመታው ትከሻ። ሄልሜት የሚባለው ነገር ከድሮም ሰውን ያታልላል። ጠንካራ ስለሆነ መሣሪያ ይመስላል። የራስ ቅልን ከመሰንጠቅ ያድናል እንጂ ውስጥ ያለው አንጎል ከቅሉ ጋር እንዳይላተም የሚያደርገው ነገር ትንሽ ነው። እንቁላል በብረት ሳጥን ውስጥ ብታስቀምጠውና ሳጥኑን ብትወዘውዘው እንደማለት ነው።

ቡድኑ ለሁለት ተከፍሎ እርስ በርስ ሲጫወት ደግሞ ተከላካዩ ሮጦ ይደርሳል፣ ትክክለኛው ቦታ ላይ ይቆማል፣ በእጁ ይነካዋል፤ በቃ። አይጥለውም።

አንድ ነገር ግን ጎደለ። ከረጢት አይሮጥም። ሰው ደግሞ ይሮጣል፣ ይታጠፋል፣ ያታልላል። እዚያው ኮሌጅ ውስጥ ቴየር የሚባል የምሕንድስና ትምህርት ቤት አለ። ቲቨንስ ጥያቄውን ወደዚያ ይዞ ሄደ። የሚሮጥ ከረጢት ትሠሩልኛላችሁ? ተማሪዎቹ ሠሩለት፤ ከመሀላቸው አንዱ የቀድሞ የቡድኑ ተጫዋች ነበር። መጀመሪያ ላይ ያየነው ነገርዬ እሱ ነው። ኤምቪፒ አሉት። ሞባይል ቨርቹዋል ፕሌየር ማለታቸው ነው፤ በስፖርቱ ዓለም ግን ኤምቪፒ የዓመቱ ኮከብ ተጫዋች ነው፤ ቀልዱ ገብቷችኋል። በ2016 የፒትስበርግ ስቲለርስ ፕሮፌሽናሎችም ልምምዳቸው ላይ አመጡት።

ከዚያ ውጤቱ

በ2010 ዳርትመዝ 6 አሸንፎ 4 ተሸነፈ። ከ1997 ወዲህ ከሽንፈቱ ድሉ የበለጠበት የመጀመሪያው ዓመት ነበር። በ2014 8 ድል ለ 2 ሽንፈት። በ2015 9 ለ 1፤ ከሃርቫርድና ፔን ከሚሉት ከፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ጋር ዋንጫ ተጋራ። ዳርትመዝ ከ1996 ወዲህ ያየው የመጀመሪያው ዋንጫ ነበር። በ2018 9 ለ 1፣ በ2019 9 ለ 1 እና ዋንጫ፣ በ2021 9 ለ 1 እና ዋንጫ። ቲቨንስ ይል እንደነበረው ተከላካዮቹ ሰው የሚያመልጣቸው በፊት ከነበረው ቀንሷል፣ ኮንከሽንም በጣም ጥቂት ሆኗል። ይህን የቆጠረው ግን እሱ ራሱ ስለሆነ እኔ ቁጥሩ ላይ አልሞትም።

ይልቅ የምይዘው ሌላ ነገር ነው። ከ2010 እስከ 2015 ዳርትመዝ ብቻውን ነበር። የቀሩት ሰባቱ የሊጉ ቡድኖች በልምምድ ላይ ታክል ያደርጉ ነበር። እንግዲህ ቅዳሜ ሲገናኙ፣ አንዱ በሳምንቱ ልምምድ ሰው ሲጥል የሰነበተ፣ ሌላው ስፖንጅ ሲያቅፍ የሰነበተ ናቸው። ስፖንጅ ያቀፈው አልተዋረደም። "ልጆቹ ይለሰልሳሉ" የሚለው ፍርሃት ስድስት ዓመት ሙሉ ተፈትኖ ወደቀ።

ሕጉ ዋንጫ ያመጣል ግን አልልም። ቲቨንስ በነዚያ ዓመታት የተሻሉ ልጆችንም መልምሏል፤ ከ0 ለ 10 ወዲያ ደግሞ መውረጃም የለም። በ2016 ያው ሕግ እያለ 4 ለ 6 ወጡ። በ2022 ደግሞ 3 ለ 7። ሕጉ አላሸነፈላቸውም፤ አላሸነፈባቸውምም። ይህ ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ የተቃዋሚዎቹ ክርክር በሙሉ ግን የቆመው "ያሸንፍባችኋል" በሚለው ላይ ነበር።

ለምልመላም ጠቅሞታል። ቲቨንስ የልጆቹ ቤት ሳሎን ገብቶ ሲቀመጥ ለእናት የሚነግራት ነገር አገኘ፤ ልጅሽን እዚህ ጓደኞቹ አይጥሉትም። ይህን የሚገባው ይገባዋል። ዋሽንግተንና አካባቢው ካሉት ወገኖቻችን መሀል "ኳስ ነው" ብላ የትምህርት ቤቱን ቅጽ ፈርማ፣ ልጇ ሄልሜትና የትከሻ መከላከያ ተሸክሞ ሲመጣ ክው ያለች እናት አውቃለሁ። "ይሄ ለጦርነት ነው ለኳስ?" አለች። ልጁም እውነቱን መለሰላት፤ "ለሁለቱም።"

የቀሩት ሰባቱ

አይቪ ሊግ ከዚህም በፊት የደነገጠበት ምክንያት ነበረው። በ2010 የፔን ቡድን ተጫዋቾች ካፒቴን አድርገው የመረጡት የ21 ዓመት ልጅ ራሱን አጠፋ። አንጎሉ ሲመረመር ሲቲኢ የሚባለው፣ በተደጋጋሚ መመታት የሚመጣው የአንጎል በሽታ መጀመሪያ ተገኘበት። ኮንከሽን ደርሶበታል ተብሎ የተመዘገበ ነገር ግን አልነበረም። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሊጉ ኮሚቴ አቋቋመ። ከሁለቱ ሰብሳቢዎች አንዱ ያኔ የዳርትመዝ ፕሬዚዳንት የነበሩት ሐኪሙ ጂም ዮንግ ኪም ናቸው፤ በኋላ የዓለም ባንክን የመሩት። በ2011 በውድድር ሰሞን ሙሉ ንክኪ ያለበት ልምምድ በሳምንት ከሁለት ቀን እንዳይበልጥ ተወሰነ። ኤንሲኤኤ ያኔ እስከ አምስት ይፈቅድ ነበር።

በ2016 መጀመሪያ ስምንቱ አሰልጣኞች ተሰብስበው ድምፅ ሰጡ። በውድድር ሰሞን ልምምድ ላይ ታክል ይቅር። ስምንቱም እጃቸውን አወጡ። በሕግ አስገዳጅነት፣ በፍርድ ቤት ወይም በወላጅ ሰልፍ አልመጣም። ለስድስት ዓመት አንዱ ጎረቤታቸው ሲያደርገው አይተው ነው። በዚያው ዓመት ቲቨንስ ኮንግረስ ፊት ቀርቦ መሰከረ። የምናሠለጥንበትን መንገድ ካልቀየርን የምናሠለጥነው ጨዋታ አይኖረንም የሚለው አባባሉም ከዚያ ዘመን ነው።

ሊጉ በዚያው ዓመት አንድ የቅዳሜ ሕግም ሞከረ፤ ይሄኛው ቁጥሩ የጠራ ነው። ጨዋታ ሲጀመርና ከነጥብ በኋላ ኳስ በምት ወደ ተጋጣሚ ይላካል፤ ኪክኦፍ ይሉታል። ሁለቱ ወገኖች ከሩቅ ተንደርድረው ፊት ለፊት ይላተማሉ። በ2015 በሊጉ ከተጫወቱት እንቅስቃሴዎች ኪክኦፍ 6 በመቶ ብቻ ነበር፤ ከኮንከሽኑ ግን 21 በመቶው የመጣው ከዚያ ነው። እናም ኳሱ ርቆ እንዲሄድና ተቀባዩ ይዞት እንዳይሮጥ፣ መቺው ከ35 ያርድ መስመር ወደ 40 ተጠጋ፤ ያርድ ከሜትር ትንሽ ያንሳል። ኳሱ ሩቅ ሄዶ ሳይመለስ ሲቀር የሚጀመርበት ቦታ ደግሞ ከ25 ወደ 20 ወረደ። አምስት ያርድ እዚህ፣ አምስት ያርድ እዚያ። ከአንድ ሺህ ኪክኦፍ ወደ 11 ይደርስ የነበረው ኮንከሽን ወደ 2 ወረደ። ማንም ሰው ጀግንነቱን አላጣም፤ መስመር ብቻ ነው የተነሳው።

የማይመለሱ ጥያቄዎች

አይቪ ሊግን ለሌላው ምሳሌ ማድረግ ያስቸግራል። በስፖርት ችሎታ የሚሰጥ ስኮላርሺፕ የለውም። ያኔ ለአገር አቀፍ ዋንጫ እንኳ አይወዳደርም ነበር። የአሰልጣኝ ደሞዝ በሚሊዮን የሚቆጠርበት፣ አንድ ሽንፈት ሥራ የሚያሳጣበት የአላባማ ወይም የኦሃዮ ሜዳ ሌላ ዓለም ነው። እዚያ ያለ አሰልጣኝ "አንተ መጀመሪያ ሞክረው" ማለቱ አይቀርም። በ2008 10 ጨዋታ የተሸነፈ ሰው መጀመሪያ የሞከረውም ለዚህ ይመስለኛል፤ የሚያጣው አልነበረውም።

ሁለተኛው ጥያቄ ይከብዳል። ታክል ቀረ ማለት ግጭት ቀረ ማለት አይደለም። ከፊት መስመር የሚሰለፉት ግዙፎቹ ልጆች ኳሱ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ይላተማሉ። ማንም አልተጣለም፣ ማንም አልተጎዳም፣ ማንም ራሱን አልሳተም። ትንንሽ ምቶች ናቸው። የሲቲኢ ምርምር ደጋግሞ የሚያስጠነቅቀው ግን ስለነዚህ ትንንሽ ምቶች ብዛት ነው። የፔኑ ልጅ ጉዳይም የሚያሳየው ይህንኑ ነው። የዳርትመዝ ሕግ ትልቁን ምት ከማክሰኞ አወጣ። የትንንሾቹን ሒሳብ ግን አልዘጋውም።

ኤንሲኤኤ በ2021 ግማሽ መንገድ መጣ። በዝግጅት ሳምንታት ሙሉ ትጥቅ የሚለበስበት ልምምድ ከ21 ወደ 9 ወረደ። በአንድ ልምምድ ውስጥ የሚፈቀደው የሙሉ ታክል ጊዜ ከ75 ደቂቃ እንዳይበልጥ ተደረገ። 75 ደቂቃ ለእኔ ብዙ ነው። ገደብ ካልነበረበት ግን ይሻላል።

ከሱ በኋላ

ማርች 2023 ላይ ቲቨንስ ፍሎሪዳ ውስጥ ብስክሌት እየነዳ ሳለ ፒካፕ መኪና ገጨው። ቀኝ እግሩ ተቆረጠ። ሴፕቴምበር 19 ቀን አረፈ፤ 66 ዓመቱ ነበር። የውድድሩ ዘመን ገና መጀመሩ ነው።

ቡድኑን የያዘው ሳሚ ማኮርክል ነው። ከ2005 ጀምሮ ከቲቨንስ ጋር የኖረ፣ የኋላ መስመር ተከላካዮችን ሲያሠለጥን የነበረ ረዳት። በ2010 ሕጉ ሲወጣ እዚያው ነበር። ያን ዓመት ዳርትመዝ ከሃርቫርድና ከዬል ጋር ዋንጫውን ተጋርቶ ጨረሰ። በ2024 ደግሞ የሚጫወቱበት ሜዳ ባዲ ቲቨንስ ስታዲየም ተባለ።